ከቅጥሩ ውጭ ሦስት ክንድ

ሰውም ይስማኝ፣ ፈጣሪም ይስማኝ። እኔ የዓለም ስሜ ካሰች አድማሴ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ጊዮርጊስ የሆንሁ፣ በቡሬ አገር በሾላ ምድር ሚካኤል አጥቢያ የምኖር ባልቴት፣ ዛሬ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ ደጅ ተቀምጬ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። የሚጽፈው ከፍኖተ ሰላም የመጣው ጸሐፊ ተስፋው ነው። ተስፋው፣ እንደ ተናገርሁት ጻፍ፤ አታሳምርልኝ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የደብሩ ገበዝ አባ ገብረሰንበት ተጠርተው መጥተዋል። ለደብሩ መሬት የምናዘዝ መስሏቸው እንደ መጡ ፊታቸው ይናገራል። ይቀመጡ አባቴ፤ ለእርስዎም ድርሻ አለዎት።

አንደኛ። ቤቴና ወንዝ ዳር ያለው እርሻ ለልጄ ለላቀው ይሁን። ላቀው፣ አንተ አልበደልኸኝም። ከሚስትህ ጋር ስትጣላ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ አገር ሁሉ ይሰማሃል።

ሁለተኛ። ቦራዋ ላሜ ለጎረቤቴ ለአቻምየለሽ ትሁን፤ ልጇ በሽተኛ ናትና በጾምም ቢሆን ታልቦ ይሰጣት። ምክንያቱን የማያውቅ ካለ ዛሬ ይወቅ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት በሁዳዴ ልጄ ታንጉት በንዳድ ወደቀች። ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ውሃ እንኳ ሆዷ አልቀበል ሲል ጊዜ የዚህችን ላም እናት አልቤ አንድ ዋንጫ ወተት አጠጣኋት። ከዚያ ፈራሁና ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ንስሐ አባቴ እርስዎ ነበሩ፣ አባ ገብረሰንበት። ታንጉትን ለወንድምዎ ልጅ ጠይቀው ስለ ከለከልሁዎት ቂም ይዘው ኖሮ፣ በጆሮዎ የነገርሁዎትን እሑድ በሕዝብ ፊት አወጁት። ኧረ ለመሆኑ ከዚያ ወዲህ ስንቱን አናዘዙ?

ሦስተኛ። በቅሎዬ ለወንድሜ ለሀይሉ ትሁን፣ ባይገባውም። የሆሳዕና ዕለት ታንጉትን አዝዬ ደጀ ሰላም ደረስሁ። በሰሙነ ሕማማት ለሚሞት ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በሆሳዕና ለሕዝቡ ሁሉ አስቀድሞ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ልጄ ሳምንቱን እንደማትዘልቅ ስላወቅሁ ያ ፍትሐት እንዳያመልጣት ብዬ ነው ያመጣኋት። አባ በሩ ላይ ቆመው «በሁዳዴ ወተት የጠጣ አፍ እዚህ አይገባም፤ ውጪ!» አሉኝ። ሀይሉ ዘንባባውን ይዞ ውስጥ ቆሞ ያይ ነበር። አየኝና አንገቱን ደፋ። ታንጉት ማክሰኞ ሞተች። አባም «የሆሳዕናው ፍትሐት ውስጥ ለነበሩት ነው፤ እርሷ ውጭ ነበረች» ብለው ከቅጥሩ ውጭ አስቀበሯት። ከቅጥሩ እስከ መቃብሯ ሦስት ክንድ ነው። በየዓመቱ እየሄድሁ እለካዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልተሳለምሁም፤ አላማተብሁም። ደወል ሲደወል ጆሮዬን እይዝ ነበር። እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሎኝ ከሰውነት ውጭ ስሆን፣ በዚህችው በቅሎ ጭኖ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የወሰደኝ ሀይሉ ነው። ስለዚህ በቅሎዋ የርሱ ናት። ስለ ደፋው አንገት ግን ገና አልታረቅሁትም።

አራተኛ። አዲሱ ጋቢዬ ግሽ ዓባይ ላሉት መነኵሲት ለእማሆይ እህተ ማርያም ይድረስ፤ እዚያ ብርዱ ክፉ ነው። ነገሬን ሁሉ ስነግራቸው አልገሠጹኝም፤ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ «ልጄ፣ ከበረኛው ተጣልተሽ ነው ባለቤቱን ያኮረፍሽው?» አሉኝ። «እርሱንም እኮ ከከተማው በር ውጭ አውጥተው ነው የሰቀሉት። ልጅሽ እዚያ ብቻዋን አልነበረችም።» በዘጠኝ ዓመት ያላነባሁትን ያን ዕለት አነባሁት። ጠበሉ ገላዬን ሳይነካ ልቤ ዳነ። አሁን እጸልያለሁ፤ እዚህ በተቀመጡት በቄስ ወልደ ገብርኤል ንስሐ ገብቼ እቆርባለሁ። ክርስቶስን አገኘሁት። አባ ገብረሰንበትን ይቅር ማለቱን ግን፣ ሞቴ ፊቴ ቆሞ አልዋሽም፣ በየጠዋቱ እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ።

አምስተኛ። ተዝካሬ አይደገስ። ለድግሱ ያኖርሁት እህል ለሠራተኛ ቀለብ ይሁን። የበረቴን የድንጋይ ካብ አፍርሳችሁ፣ በዚያው ድንጋይ የደብሩን ቅጥር አስፉና ታንጉትን አስገቡልኝ። እኔንም ከጎኗ ቅበሩኝ። የከለከሏትን ፍትሐት አባ ገብረሰንበት ራሳቸው መቃብሯ ላይ ቆመው ያድርሱ። እምቢ ካሉ ቅጥሩም ይቅር፤ እኔም ውጭ ከልጄ ጋር እተኛለሁ፤ እህሉም ግሽ ዓባይ ላሉት ድኆች ይሂድ። አባቴ፣ የእርስዎ ድርሻ ይህ ነው።

ቃሌ ይኸው ነው።

ከዚህ በታች ያለው በእኔ በጸሐፊው በተስፋው ፊት የሆነ ነው። ወይዘሮ ካሰች ተናግረው ጨረሱ። ቄስ ወልደ ገብርኤል አባ ገብረሰንበትን «አባታችን፣ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ቢሏቸው «አደርሳለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። የልጅቱ የክርስትና ስም ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ካሰች «ያጠመቋት እርስዎ ነዎት፤ ስሙንም ያወጡላት እርስዎ ነዎት» አሉ።

አባ ሊያስታውሱት አልቻሉም። ወይዘሮ ካሰች ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው «ወለተ ሥላሴ ናት። በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው ተስፋው፤ ደግሞ እንዳይረሱብኝ» አሉኝ። ጽፌ ሰጠኋቸው።

ተናዛዥ፦ ካሰች አድማሴ፣ የጣት አሻራ።
ምስክር፦ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ፊርማ።
ምስክር፦ አቶ ክንፈሚካኤል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጣት አሻራ።
ምስክር፦ ገበዝ አባ ገብረሰንበት፣ «ለወለተ ሥላሴ አደርሳለሁ» ሲሉ ከወረቀቱ አንብበው፣ ፊርማ።