ስምህን ያልጠራሁበት ጉባኤ

ዘለቀ፣ ዘሌ የኔ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። የጂንካ ጭቃ እንደ ልማዱ ጀምሮናል። እናትህ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ሰነባበቱ። ዓይናቸው ስለደከመ ሸክላ መሥራቱን ትተዋል፤ ከሱቅ የገዛኋቸውን ድስቶች እያነሱ መሳቃቸውን ግን አልተዉም። ልጃችን ሶስና ትምህርቷን ጨርሳ ቱርሚ ነርስ ሆናለች። ቅዳሜ የጭነት መኪና ካገኘች ትመጣለች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ስለሆነች አንዳንዴ ፊቴን አዞራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በሥራዬ የለመድኩት አጻጻፍ "ተጠንቷል"፣ "ተረጋግጧል" የሚል ነው፤ ማን እንዳደረገው አይናገርም። ለአንተ እንዲህ ልጽፍልህ አልችልም። "እኔ" ማለት አለብኝ።

አባቴ ሰርጋችን ላይ አልተገኘም። እኔ የገበሬ ልጅ፣ አንተ የአንጥረኛና የሸክላ ሠሪ ልጅ። በእኛ በአሪዎች ዘንድ ሁለቱ አይጋቡም ነበር፤ ገበሬው አንጥረኛ ቤት ገብቶ እህል አይቀምስም። መምህር መሆንህ፣ የገበሬዎቹን ልጆች ባዮሎጂ የምታስተምረው አንተ መሆንህ ምንም አልለወጠም። ለእርቅ የላክናቸውን ሽማግሌዎች አባቴ "ደማቸው ሌላ ነው፤ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው" ብሎ መለሳቸው። ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እሱ ደም ካለ እኔም በደም እመልስለታለሁ አልኩ። ስለ ዘረመል መማር የጀመርኩት በዚያ እልህ ነው።

ለትምህርት ውጭ አገር ስሄድ ሶስናን ለአንተ ትቼ ሄድኩ። ጸጉሯን ራስህ ሠርተህ የላክህልኝ ፎቶ አሁንም አለ፤ አንዱ ሹሩባ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን። አንተ እንደዚያ ስታሳድጋት እኔ የሰውን ዘረመል በኮምፒውተር ማንበብ ተማርኩ። የእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ከወላጆቻችን የወረስነው እጅግ ረጅም ጽሑፍ አለ። የእኔ ሥራ የብዙ ሰዎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጎ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድና ከመቼ ጀምሮ እንደተለያየ መፈለግ ሆነ።

ከዚያ ዘረመሉ የሚነበብበትን ምራቅ ለመሰብሰብ ወደ መንደሮቹ የወጣንበት ጊዜ መጣ። በገበሬዎቹ መንደር እኔ ተናገርኩ። በእናንተ መንደር ግን ማንም አላመነኝም። አንተ ከፊታቸው ቆመህ በአሪኛ አስረዳሃቸውና የምራቁን ብልቃጥ ከእጄ ተቀብለህ መጀመሪያ ራስህ ተፋህበት። ሰዉ ሳቀ። ቀስ በቀስ እየተነሳ መጣ። እኔን ሳይሆን አንተን አምነው ነው የሰጡኝ።

ስንመለስ ካኮ ገበያ አጠገብ ጎማ ተነፈሰብን። ሾፌሩ እስኪቀይር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሙዝ እንበላለን። "ማርታ፣ ውጤቱ ሌላ ቢሆንስ?" አልከኝ። "በእውነት ከሌላ አገር የመጣን ብንሆን፣ አባትሽ ልክ ነበሩ ልትዪ ነው?"

እኔ ስለ ናሙናው ብዛት ነገርኩህ። በዚህ ሁሉ ናሙና አንሳሳትም፣ አታስብ አልኩህ። የጠየቅከኝ ስለ ናሙና አልነበረም። የአንተንና የእናትህን ሰውነት ለፈተና አቅርቤ፣ ማለፋችሁን አብረን እንድንጠብቅ አድርጌህ ነበር። ያን ቀን አልገባኝም። ሙዝህን ጨርሰህ ሾፌሩን ልታግዝ ተነሳህ።

ውጤቱ ወጣ። ገበሬዎቹም አንጥረኞቹም የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው። የታየው ትንሽ ልዩነት የመጣው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ያመጣውም አለመጋባታችን ራሱ ነው። አቅፈኸኝ ሳቅክ። አዲስ አበባ ጉባኤ ላይ እንዳቀርብ ስጠራም የሰርግህን ኮት ለብሰህ አብረኸኝ ሄድክ፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥክ።

ንግግሬን ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጃቸውን አወጡ። "ይህን ጥያቄ እንዴት መረጥሽው?" አሉኝ። ዓይንህ ዓይኔ ላይ ነበር። ባሌ የአንጥረኛ ልጅ ነው ብል "ለባሏ አድልታ ነው" የሚሉኝ መሰለኝ። "የጥናት ክፍተት ስላየሁ ነው" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አንተም አጨበጨብክ።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ "ጥሩ አቀረብሽ" አልከኝ። ከዚያ እስከ ሶዶ አልተናገርክም። እኔም ለምን ዝም እንዳልክ እያወቅሁ ደክሞህ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቤት ከገባን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ "ለአባትሽ መቼ ትነግሪያቸዋለሽ?" የጥናቱ ጽሑፍ ይታተም፣ ገምጋሚዎቹ ይጨርሱ እልህ ነበር። እናቴ ታማ ልጠይቃት ስሄድ እንኳ እኔ እገባለሁ፣ አንተ ከአጥሩ ውጭ ትጠብቀኛለህ። ትንሽ ታገስ፣ ውጤቱን ይዘን እንገባለን እያልኩ። ገምጋሚዎቹ ሳይጨርሱ ኩላሊትህ ታመመ። ጽሑፉ ሲታተም አንተ አልነበርክም።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ አባቴ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚያሳየውን ባለቀለም ሥዕል አሳየሁት፤ ይኸው እኛ፣ ይኸው እነሱ፣ አንድ ነን አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"አንድ መሆናችንንማ አያቴም ነግሮኛል" አለኝ።

"ታዲያ ደማቸው ሌላ ነው ያልከው ለምንድን ነው፣ አባዬ?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፣ ልጄ። ደም ነው ካልኩ ሽማግሌዎቹ ሌላ ምክንያት አይጠይቁኝም።" ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተ። "እዚህ ውስጥ የእሱ ፎቶ የለም? መልኩን እንኳ በቅጡ አይቼው አላውቅም።"

ፎቶህን ከፈትኩለት። ኮምፒውተሩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ሲያይህ ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ። እሱ የሰው ዓይን ፈራ። እኔም የፕሮፌሰሮቹን ዓይን ፈራሁ። ያን ሁሉ ዓመት ማስረጃ ስፈልግ የኖርኩት፣ እጅህን ይዤ በአባቴ በር መግባት ስላቃተኝ ነው። ማስረጃውን አንተ አልጠየቅከኝም።

ውጤቱን ለመንደራችሁ ሰዎችም ነገርኳቸው። አንዲት አክስትህ "ይሄን እኛ ምን እናድርገው? ሄደሽ ለእነሱ ንገሪያቸው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ወደ ገበሬዎቹ መንደሮች እሄዳለሁ። ሥዕሉን ከማሳየቴ በፊት "ባሌ ዘለቀ ይባላል። አባቱ አንጥረኛ ነበሩ። እናቱ እኚህ ናቸው" ብዬ እጀምራለሁ። ባለፈው እሁድ ጥቂቶች ገና ስምህን ስጠራ ተነስተው ሄዱ። እናትህ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሸክላ ሲሸጡላቸው ስለኖሩ የሚሄዱትን በድምፃቸው እየለዩ፣ በየስማቸው እየጠሩ ደህና ዋሉ አሏቸው። አንዱ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዘሌ፣ ሰው ፊት በቆምኩ ቁጥር ከሥራዬ በፊት ስምህን እጠራለሁ። ይቅርታህን ግን ጠይቄ አላገኘውም፤ ያን ሳላገኝ መኖርን እየተማርኩ ነው። ለሶስናም ያን አዳራሽና መጨረሻው ረድፍ ላይ የነበረውን ሰው፣ ምንም ሳልደብቅ ነግሬአታለሁ። እኔ ባልኖር እሷ ታስታውስሃለች።

ያንተው ማርታ