ለፍሰሐ እናት የነገርኳቸው

ልጄ ሐሴት፣ ከእኔ ርቀሽ በሰው አገር የምታድሪበትን ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው።

የደበቅኩሽ ነገር አለ። ፍሰሐን «የባሪያ ዘር ነው» ብዬ እንዳታገቢው የከለከልኩሽ እኔ፣ የገዛ አያቴም ገበያ ላይ የተሸጠች ነበረች።

ቅዳሜ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት በታክሲዬ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ወዳለ መቃብር ወሰድኳቸው። አገሩ ባርነት ይቅር አይቅር ብሎ እርስ በርሱ ሲዋጋ፣ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ሰዎች የተቀበሩበት ነው። የቅድመ አያታቸውን ስም በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ጦርነቱ ነጻ አወጣት፤ ልጆቿን ግን ነጮቹ ከዚያም በኋላ መቶ ዓመት በጓሮ በር አስገቧቸው። የእርስዎስ አያት ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

«አየለች» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«ምነው፣ እንዳይቀሰቅሷቸው ፈሩ?» ብለው ሳቁብኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ፍሰሐ እስካሁን አላገባም። ተመለሺ አልልሽም፤ ስደውል ብቻ አንሺልኝ። እመብርሃን ጥላ ትሁንሽ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እነፍሰሐ ቤት ሄድኩ። የፍሰሐ እናት፣ ወይዘሮ ፀዳለ፣ በሩን ሲከፍቱ ግቡም ሳይሉኝ ደፉ ላይ ተንበርክኬ፣ «ልጅዎን በዘሩ የነቀፍኩት እኔ፣ የተሸጠችው የአየለች የልጅ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

አባትሽ ከፈለ