እግሬ ዛሬም አለ ወይ?

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቤታችን ጥሩምባ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉሮሮህስ ደህና ነው? ኩርፊያህስ ተሻለው ወይስ ባሰበት? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ፣ ያ ጠብታ ረዳት ወይ? አያታችንስ ጉልበቱን እያሸ ከጎረቤት ጋር መከራከሩን አልተወም? እኔ አምላኬ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል እንጂ ለሥራው አልለገመም።

የላክኸውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ዝማሬ መምራቱን ከአንተ ወስደው ለአናጢው ሰጡት፣ አንተን ከኋላ ረድፍ አቆሙህ፣ አንተም ከእንግዲህ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረግጥም ብለህ ቤትህ ተቀመጥክ። ትንሿ እህታችን እንደነገረችኝ እማዬን እሑድ እሑድ ይዛት የምትሄደው ጎረቤታችን ናት። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ፤ የኔን ወንድም ማን ነካው አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን በአንዲት መስመር ነካ አድርገህ ያለፍካትን ምክንያት አገኘኋት። የመዘምራኑ አለቃ የሌላውን ድምፅ አትሰማም ብሎሃል። የእናቴ ልጅ፣ ሰውየው አልዋሸም። ልጆች ሆነን ገና በራት ጸሎት ላይ አሜን ስትል የጎረቤት ውሻ ይጮህ ነበር። እማዬማ ከመዘምራኑ ሁሉ የምሰማው የልጄን ድምፅ ብቻ ነው እያለች ትኮራለች። ለእሷ ምርቃት ነው፤ የአለቃውም ክስ ይኸው ነው።

አትቆጣ፣ የኔንም ጉድ ስማ።

እንደምታውቀው የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። ከምረዳቸው አንዱ የቀድሞ ጫማ ሰፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያጫሙ ኖረው የስኳር በሽታ የገዛ እግራቸውን አደነዘዘባቸው። ብትቆነጥጣቸው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን ስገልጥላቸው «እግሬ ዛሬም አለ ወይ?» ይሉኛል። እኔም «አለ ጋሼ፣ የት ይሄዳል» እላቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ ወሬ የለንም። እግዜር ይስጥልኝ የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

ብርዱ ሲጠና ካልሲያቸውን መስኮቱ ሥር ባለው ማሞቂያ ላይ እያሞቅኩ ማልበስ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ለክርስቶስ እንደማደርገው እያሰብኩ ነበርና ደስታዬ ለብቻው ነበር። አንድ ቀን ነርሷ አየችኝና ቁርስ በሚበላው ሰው ሁሉ ፊት ማን አድርጊ አለሽ ብላ ጮኸችብኝ። የደነዘዘ እግር ቢቃጠል እሳቸውም አያውቁ፣ አንቺም አታውቂ፣ ቁስሉ ሲሸት ነው የምናውቀው አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? እንዳንተው አኮረፍኩ። በደንቡ ከሆነ በደንቡ ብዬ ካልሲውን ከመሳቢያ እንደወጣ፣ በረዶ እንደመሰለ አጠልቅላቸው ጀመር። ሽማግሌው ሙቀቱ ሲቀርባቸው ቅር ይላቸዋል፣ ያቺ ልጅ የት ሄደች ብለው ለነርሷ ይነግሩልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምን ቅር ይላቸዋል! ሲሞቅም አላወቁ፣ ሲበርድም አላወቁ። እንደ ወትሯቸው እግሬ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። እዚያው አልጋቸው ሥር እንደተንበረከክኩ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ለካስ ለክርስቶስ እያልኩ ስጠብቅ የከረምኩት የሰው አፍ ነው። ነርሷም ልክ ነበረች፤ እንዲያ ያንገበገበኝም ልክ መሆኗ ነው።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳትና ምን ባደርግ ይሻላል አልኳት። በገላሽ ሙቀት ከሆነ አይጎዳቸውም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ክፍላቸው ስገባ ካልሲውን ጉያዬ ውስጥ እሸጉጥና ፊታቸውን አጥባለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፤ እግራቸው ጋ ስደርስ ሞቆ ይቆየኛል። እሳቸው ዛሬም አያውቁም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ዶሮዋ፣ ዛሬም እንቁላል ታቅፈሻል ወይ?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እንዲህ ልቤ አርፎ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ ተመለስ። ከሰው ተጣልቶ እግዚአብሔርን ማኩረፍ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ከኋላ ረድፍ ቁምና አጠገብህ ያለውን ስማው፤ ሲደክመው ደግፈው፣ ዜማ ሲጠፋበት ቀስ ብለህ መልሰው። ድምፅህ ዝቅ ሲል ጸጋህ አይሸሽም። አናጢውንም ሰላም በለው፤ የእማዬን በር ማንም ሳይለምነው መጥቶ ያቃናላት እሱ አይደል? አባታችንን አስበው። የዚያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ እስኪሞት ድረስ ጠርጓል፤ ሰው የሚያየው ንጹሑን ግቢ እንጂ እሱን አልነበረም፣ እሱም አንድ ቀን አልቀረም። አንተ የእሱ ልጅ ነህ፤ እንደምትመለስ አልጠራጠርም።

የአያታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ በክርክሩም ይርታ። ለትንሿ፣ ወሬ ማቀበሉን ቀነስ አድርጋ ትምህርቷን ታጥና፤ ቢሆንም በዚህኛው ወሬ ተመርቃለች። ጎረቤታችንን ውለታሽን አልረሳም በልልኝ።

ለእማዬ የምልከውን ሰላምታ ግን እሑድ ክንዷን ይዘህ ስትመለሱ መንገድ ላይ ንገርልኝ። ዓይኗ ደክሟልና ከመዘምራኑ መሀል የምትለይህ በድምፅህ ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን አትሰማህም። ልጄ፣ ዛሬ ነበርክ ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም። እንዳይከፋህ፤ ብዙም አታብራራላት። ነበርኩ እማዬ፣ የት እሄዳለሁ በላት።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ

ከአረጋውያኑ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል
ጥር 8 ቀን