ስኒ ስለተደረደረበት የማሰሮ መደርደሪያችን

ጎንደር፤ ኅዳር ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ክንዱ ሰጠኝ፤
የአገር እጅ ሥራ ትርዒት አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና በበጋ የሚይዙት ጥላዎ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ በቁስቋም የምንገኝ ሸክላ ሠሪዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ሽታዬ አዘዘ ስሆን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። ጨዋ ጨዋው ቃል የእሳቸው ነው፤ ጨዋ ያልሆነውን አልጽፍም ስላሉኝ ቀርቷል። ነገሩ የብዙ ሰው ነገር በመሆኑ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ሲደርስ ሌላው በቅዳሜ ገበያ ይነበባል፤ ምስጋናችንን ሰው ሳይሰማው እንዳይቀር ብለን ነው።

ከትርዒቱ ቀን ወዲህ ራሴን ማስተዋወቅ ግድ ሆኖብኛልና ላስተዋውቅ። በጣሊያን ጊዜ አባትዎ ዱር ሲገቡ እርስዎ እኛ ቤት ተጠግተው አደጉ። እኔ ያኔ ኮረዳ ነበርሁ፤ ወንዝ ስወርድ የማዝልዎ፣ ሲያተኩስዎት የማስታምምዎ እኔ ነበርሁ። አንቱ ማለት የጀመርሁት ሹመቱ ከመጣ ወዲህ ነው፤ እርስዎም አልከለከሉኝም።

አንደኛ፤ ስለ መልካም ምክርዎ እናመሰግናለን። በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጫማዎ ጭቃ እስኪሆን ድረስ እቤቴ ድረስ መጥተው በግንቡ አጠገብ ባለው ሜዳ ትልቅ የእጅ ሥራ ትርዒት እንደሚደረግ፣ ከእንግዲህ ሸክላ መሬት ላይ ዘርግቶ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ ማታ ማታ ተነቅሎ ጠዋት የሚተከል መደርደሪያ ያበጀ ሁሉ ግን ከእንግዶቹ ፊት ለፊት እንደሚቆም ነገሩኝ። ሌሎቹን ሴቶች እኔ እንዳሳምናቸው አደራ አሉኝ። እርስዎ እንደሚያውቁት በገበያ ሰው ማሰሯችንን ይገዛል እንጂ ዓይናችንን አያይም፤ ልጁንም ከፊታችን ዞር ያደርጋል። ስለዚህ ነገሩን ስነግራቸው ጎረቤቴ እናኑ ሳቀች። ምነው፣ እኛ ከመቼ ወዲህ ነው ከፊት የቆምነው ስትል ጠየቀችኝ። እኔም በእጄ ያደገ ልጅ ነው፣ ቃሉ ቃል ነው ብዬ መለስሁላት። ሴቶቹ ያመኑት እርስዎን አይደለም፤ እኔን ነው።

ሁለተኛ፤ ስላሸከሙን ድካም እናመሰግናለን። መደርደሪያ መምረጥ እንዲህ ሰው የሚያጣላ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ አናጢው አያ የሻው ከዋንዛ የተሠራ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር አሳዩን፤ ሸጋ ነበር፣ ግን ለማንሳት አራት ጎረምሳ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ያለን የራሳችን ጀርባ ነው። ቀጥሎ አንዷ የጋዝ ሣጥን እንደራርብ አለች፤ ደራርበን ገንቦ ብናስቀምጥበት የላይኛው ወለል ተሰነጠቀና ገንቦው እግሬ ሥር ወድቆ ተከሰከሰ። በመጨረሻ ሁለት የጥድ መሰላሎች አቁመን በእርከኖቹ ላይ ሳንቃ አጋድመን በጠፍር ማሰር እንደሚሻል ተስማማን፤ ጠፍሩ ሲፈታ ሁሉም ተበታትኖ በሴት ጀርባ ይሄዳል። የገንቦና የማሰሮ ቂጥ ክብ ነውና እንዳይንከባለልብን አያ የሻው በየሳንቃው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ አወጡልን፤ ማሰሮው እዚያ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ሳንቃ ጎደለን። እናኑ ያን ሁሉ ከሳቀች በኋላ የማድ ቤቷን በር ነቅላ አመጣች። በሩ እንደ ሌላው ሳንቃ ክብ ክብ ሲበሳ ቆማ አየች። የቀረውን ክረምት ማድ ቤቷን በሰሌን ጋርዳ ከረመች።

ሦስተኛ፤ ስለ ትርዒቱ ቀን አቀባበል እናመሰግናለን። ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተን መደርደሪያዎቹን ከታዘዝነው ቦታ ተከልን፤ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ማሰሮዎቻችን ከመሬት ተነስተው ከሰው ዓይን ትክክል ሲቆሙ እኔም እንደነሱ ቀና ያልሁ መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ዘበኞች መጡና መደርደሪያው ይቆይ፣ ሸክላውና ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ይሁኑ የሚል ትእዛዝ አለ አሉን። እኛ ማሰሯችንን እያወረድን ሳለ ወዳጅዎ የሆነ ነጋዴ ሳንቃዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ከባሕር ማዶ የመጡ ባለ ወርቅ ጠርዝ ስኒዎችን መደርደር ጀመረ። የአገር እጅ ሥራ ትርዒት የሚለው ጽሑፍ በላያቸው ተሰቅሎ ነበር።

ስሕተት ይሆናል፣ እርስዎ አልሰሙም ይሆናል ብዬ ከእንግዶች ጋር ወደቆሙበት ቀረብሁ። ክንዱ ብዬ ጠራሁዎ፤ አንቱታው በድንጋጤ ጠፍቶብኝ ነው፣ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዶቹ አንዱ ይህች ሴት ማን ናት ሲሉ እርስዎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጫማዎ እያዩ መለሱ።

«አላውቃትም። ከገበያ የገቡ ናቸው።»

ክቡር ሆይ፤ ዘበኛው ክንዴን ይዞ ሲያወጣኝ አልታገልሁትም። ከአጥሩ ውጭ ሴቶቹ ማሰሮዎቻቸውን አቧራው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ምን አለሽ ብለው ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶበታል አልኋቸው። በዚያች ሰዓት እንኳ ለእርስዎ ገመና ሸፋኝ ሆንሁ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አራተኛ፤ ስላስታወሱን እናመሰግናለን። ቀትር ላይ በአጥሩ ክፍተት ስናይ ትልቁ እንግዳ ወደ መደርደሪያው ቀርበው አንዱን ስኒ አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት፤ ያስቀመጡት ግን ጨርቁ በሸፈነው የማሰሮ ቀዳዳ ላይ ነበር። ስኒው ጨርቁን ይዞ ሰመጠ፤ አጠገቡ ያለውም ተከተለው፤ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ወድቀው ተሰበሩ። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። እንግዳው ደንግጠው ይህን የመሰለ መደርደሪያ ማን ሠራው ሲሉ፣ አጥሩ የሸንበቆ ነውና የእርስዎ መልስ ጥርት ብሎ መጣልን።

«ሽታዬ አዘዘ ናት፤ የቁስቋሟ ሸክላ ሠሪ።»

ስሜን ከነአባቴ፣ ሠፈሬን ከነሥራዬ። ለመመስገን ሳልታወቅ የቀረሁ፣ ለመወቀስ ግን ወዲያው የተገኘሁ ሴት በመሆኔ ኮርቻለሁ።

ከተጠራን አይቀር ብለን ገባን፤ ዘበኛውም ስማችን ሲጠራ ሰምቶ ኖሮ አልከለከለንም። ስኒዎቹን አንድ በአንድ እያወረድን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥናቸው፤ አንድም አልሰበርንም። ጨርቁን አጥፌ ለነጋዴው በሁለት እጄ ሰጠሁት። ከዚያ ጠፍሩን ፈታን። እርስዎ ከንፈርዎን ነክሰው ቆመው ነበር፤ ትልቁ እንግዳ ወዴት እንደምንወስደው ቢጠይቁኝ፣ የተሠራው ለማሰሮ ነውና ወደ ማሰሮው ነው አልኋቸው። መሰላሉንና ሳንቃውን ተሸክመን ወጣን፤ መንገዱ ዳር ላይ ተከልነው፤ እስኪመሽም ሸጥን። ሰው በአቧራ ላይ ሳይሆን በሳንቃ ላይ ያለ ማሰሮ ሲያነሳ ባለቤቷንም ቀና ብሎ ያያል። ይህን ስላስተማሩን እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቀልድ የለበትም።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ማታ እናኑ የበሯን ሳንቃዎች ለይታ አሰረች። ልሸከምልሽ ብላት እጄን ገፋችና እንዲህ አለችኝ፤ «አንቺ አልዋሸሽኝም። ግን የተዋሸሁት በአንቺ አፍ ነው።» ከዚያ ወዲህ ጭቃ የምትቆፍረው ለብቻዋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ትሳለመኛለች፤ አታናግረኝም። አያ የሻው ቀዳዳዎቹን ደፍነው በሯን መልሰው ሊሠሩላት ቢጠይቋት እንዲሁ ይሁን ብላ በሩን ከነቀዳዳው አስተከለችው። ከቤቴ ደጃፍ ይታየኛል።

እርስዎ የወሰዱብን መደርደሪያ አይደለም፤ እሱን አስመልሰናል። የወሰዱብኝ እናኑን ነው፤ እሷን እንዴት እንደምመልሳት ኮሚቴዎ ቢመክርበት መልካም ነበር።

ሹመትዎ በደንብ እንደበሰለ ገንቦ ጸንቶ፣ ውሃ ሳያፈስ፣ ጠርዙም ሳይሸረፍ እንዲኖር በመመኘት፣ ከነጭቃ እጄ እጅ የምነሳ፣ ባያውቁኝም የማውቅዎ፤

ሽታዬ አዘዘ፤ ቁስቋም።

ማስታወሻ፤ ይህ ደብዳቤ ሊታሸግ ሲል የኮሚቴዎ ተላላኪ መጥቶ ለጥምቀት መደርደሪያውን እንድናውስ በእርስዎ ስም ለመነን። በደስታ እናውሳለን። ሆኖም መደርደሪያው ያለ ማሰሮው፣ ማሰሮውም ያለ ሴቶቹ ስለማይንቀሳቀስ፣ ለመጠየቅ ራስዎ ይምጡ፤ መጀመሪያም የእናኑን በር ያንኳኩ። ቤቱ ቢጠፋዎ አይቸገሩ፤ ከሠፈሩ ቀዳዳ ያለው በር እሱ ብቻ ነው።