ልጄን ለማየት የተመዘገብኩበት የዳንስ ክፍል

ለማከብርዎት እህቴ፣ ለእትዬ ደሚቱ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የጆሮዎስ ነገር? ጋሽ ቶሌሳን ሳሉ ለቀቃቸው ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳቸዋል? ወንድይራድስ፣ ባለቤቱስ፣ ትንሹ አዶናይስ? ደብረ ዘይት ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር? የጓሮው ጎመን ደረሰልዎት? እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ ጤናዬ ደህና ነው፤ የጎደለኝ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። በስልክ ስነግርዎ ግማሹ ስለማይሰማዎት፣ እኔም መጮህ ስለማልችልበት፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ አልኩ።

ወይዘሮ ከበደች እኛን ጠይቀው ሲመለሱ “የርብቃ ልጅ ጭፈራ ቤት ገባች” ብለው የነገሩዎት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሩሐማ ዳንስ ታስተምራለች። ጭፈራ ቤት ግን አይደለም፤ እዚሁ ስቶክሆልም ጎን፣ ሶልና የሚባል ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው፤ አንዱ ግድግዳው ሙሉ መስታወት የሆነ አዳራሽ። መጠጥ የሚባል የለም፤ ሁሉም ውሃውን በኮዳ ይዞ ነው የሚመጣው።

እንደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰው የሚማረው በየዕድሜው ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ከእናቶቻቸው ጋር ገብተው እንደ ጥንቸል ይዘላሉ። ከፍ ያሉት ባሌት ይማራሉ፤ ጸጉራቸውን አናታቸው ላይ ጠቅልለው ሲሰለፉ የልጆች መዘምራን ይመስላሉ። ጎረምሶቹ ሰፋፊ ሱሪ ለብሰው ወለሉ ላይ ይሽከረከራሉ፤ አንገታቸው የሚቀጭ እየመሰለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ያወዛውዛሉ። ዕድሜያቸው ከአርባ ላለፈ ጀማሪዎችም ሐሙስ ሐሙስ አንድ ክፍል አለ። የዚያ አስተማሪ ሩሐማ ናት፤ እኔም ተማሪዋ ነበርኩ። አይደንግጡ፤ ላስረዳዎ።

ሩሐማ ሶልና የራሷን ቤት ከያዘች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የገባች ሰሞን እንደ አገራችን ሳልደውል ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ኤሪክ ይባላል፤ ጓደኛዋ ነው፤ አብረው ነው የሚኖሩት። እሷም ከኋላው ብቅ ብላ በስዊድንኛ “ማማ፣ ምነው ሳትደውዪ?” አለችኝ። ዳቦውን ሰጥቼ “ሰው ይጠብቀኛል” ብዬ ተመለስኩ። ማንም አይጠብቀኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስትጠራኝ እሄዳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አልጠራችኝም። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው። ሥራዬን ያውቁታል፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳጥብና ሳበላ ውዬ አካላ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ የራሴ ኮቴ ይረብሸኛል። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ስልኬ ላይ ሳይ ከሐሙሱ ክፍል ጎን ስሟን አገኘሁት። በሳምንት አንድ ሰዓት ልጄን ለማየት ብዬ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያ ቀን ስታየኝ ክው አለች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ተማሪ “ርብቃ” ብላ ስሜን ጠርታ ምልክት አደረገች። ልጅ እናቱን በስሟ ሲጠራ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። “አቤት” አልኩ። ትከሻዬ እምቢ ሲል ግን ከኋላዬ መጥታ በመዳፏ ዝቅ አደረገችልኝ። ካደገች ወዲህ እንደዚያ ነክታኝ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ትከሻዬን ማክረር ጀመርኩ።

አንድ ሐሙስ እስክስታ ይዛ መጣች፤ ከኢንተርኔት ነው የተማረችው። “ይህ የእናቴ አገር ጭፈራ ነው፤ እናቴም ይቺውና” ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እዚያ ክፍል ውስጥ እናቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም ዞረው እንዳሳያቸው ጠበቁ። እኔ ደግሞ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ አባባ ቤት ዘፈን ተከፍቶ አያውቅም፤ ሰርግ ላይ እንኳ ከበሮው ሲደምቅ እጃችንን ይዘው ያስወጡን ነበር። ከመዝሙር ጋር ማሸብሸብ እንጂ ሌላ ከየት አባቴ ላምጣ? እንደ አጥር እንጨት ተገትሬ ቀረሁ። ጉኒላ የምትባል አንዲት ጡረተኛ “እናንተ ከተወለዳችሁ ጀምሮ የምትችሉት ይመስለኝ ነበር” ብላ ሳቀች። ሩሐማ ፊቷ ቀልቶ “ማማ፣ እውነት አትችይም?” አለችኝ። አልችልም አልኳት።

በዚያ ላይ እኔም አርፌ አልተቀመጥኩም። ዳቦ ጋግሬ ወስጄ በትምህርቱ መሃል አዞርኩ። ላቧን በፎጣዬ ጠረግኩላት። እሷ ስትናገር የሚያወራ አንድ ሰውዬ ነበር፤ “አስተማሪ ሲናገር ዝም ይባላል” ብዬ ተቆጣሁት። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሰው ሲወጣ አስቀረችኝ። “ማማ፣ አንቺ እያየሽኝ ማስተማር አልችልም፤ ልጅ እሆናለሁ። ይህ እንጀራዬ ነው፤ እባክሽ ሌላ ክፍል ግቢ” አለችኝ። ልክ ናት። “እሺ፣ ታዲያ የት ልይሽ?” አልኳት። “ቤቴ ነዋ!” አለች። “መቼ ጠራሽኝና?” ብላት፣ “እናት ጥሪ ትጠብቃለች እንዴ? ኤሪክን አይተሽ የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ የጠላሽው መስሎኝ” አለችኝ። “ምነው ሳትደውዪ ያልሽኝስ?” ስላት፣ “ቤቱ ስላልተጠረገ አፍሬ ነበር እኮ” ብላ አንገቷን ደፋች። ሁለት ዓመት የተጠባበቅነው ለዚህ ነው፣ እትዬ።

ክፍሉን ተውኩ። ከዚያ በኋላማ ቀላል ይመስላል። ባቡሩም ከአካላ ሳይቀየር ሶልና ያደርሳል። ሁለት እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወርጄ ከሕንጻው ሥር ቆምኩ። መብራቷ በርቷል፤ ኤሪክ ሰሃን ይዞ በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት። የውጭውን በር መክፈቻ ቁጥር ሰጥታኛለች፤ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ተመልሼ ባቡር ገባሁ። ዳንስ ክፍሉ ውስጥ ቦታዬ የታወቀ ነበር፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከጉኒላ ጎን። ልጄ ቤት ግን የት እንደምቀመጥ አላውቅም። ሐሙስ ሲደርስ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ የተማርኩትን እሞክራለሁ፤ ትከሻዬ ሲከር የሚያወርድልኝ የለም።

ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ ሲመጣብዎ “ልጅቷ በላቧ ነው የምትበላው” ይበሉልኝ። እርስዎም በጸሎትዎ ሲያነሷት በቁጣ አይሁን።

ጋሽ ቶሌሳን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ወንድይራድ ጆሮ ሐኪም ጋ ቶሎ ይውሰድዎት፤ ባለቤቱን፣ ስላስታመመችዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። አዶናይን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ።

ነገ እሁድ ነው። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እንደገና እሄዳለሁ። የፖስታ ሳጥኑ ከልጄ ሕንጻ ፊት ለፊት ነው። እንደ በፊቱ ከደጅ ከተመለስኩ አልልከውም፣ ቀድጄ እጥለዋለሁ። እንግዲህ እጅዎ ከገባ፣ በሩን አንኳኩቻለሁ ማለት ነው።

ታናሽ እህትዎ ርብቃ
አካላ፣ ስቶክሆልም
ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.