ቤተ መዘክር ወይስ ቤተ ተዝካር

ቢቸና፣ ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን የያዘሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? ጎረቤታችን ውበቴ ዶሮዎቿን አሁንም በአጥራችን ቀዳዳ ትለቅብሻለች? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁ፤ የሞጣው ጊዮርጊስና የቢቸናው ጊዮርጊስ ተጋግዘው ይጠብቁኛል።

መሠረተ ትምህርት ጨርሰሽ ራስሽ ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ ለአንቺ መጻፍ ከብዶኛል። ድሮ አባ ገብረ ኪዳን ሲያነቡልሽ የሚያስቆጣሽን ይዘሉት፣ የሚያስደስትሽን ይደግሙት ነበር። አሁን በመካከላችን ማንም የለም። ስለዚህ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ፣ አንቺም ሳትቸኩይ አንብቢው። ሁሉንም ከሥሩ የምነግርሽ እንድትስቂልኝ ብዬ ነው። በፖስታ አልላክሁትም፤ ለአውቶቡሱ ሾፌር ነው የሰጠሁት። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

አለቃዬ ጓድ ፋንታ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሪፖርት ሳይጽፍ ከዋለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰው ሲያናግር «ጓዴ» ማለት ይወዳል፤ እንዲያ ባለ ቁጥር ወንድሜን የጠራው እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። ይህ ሰው ለበላይ «የቢቸና ሰፊ ሕዝብ ሙዚየም ይከፈትልን ሲል ጠይቋል» ብሎ ጻፈ። ሕዝቡ የጠየቀው ወፍጮ ነበር። ከላይ በጀት አልመጣም፤ የመጣው የመክፈቻው ቀንና «ሥራው በፈቃደኞች ይሸፈን» የሚል ትእዛዝ ነው። ቤቱስ ተገኝቷል፤ የድሮው ባላባት እህል ማስቀመጫ ነው፣ አይጦቹ ገና አዋጁን አልሰሙም።

ፈቃደኞቹን እንዳመጣ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። ዕቃ የሚሰበስቡ፣ ቤቱን የሚጠብቁ፣ ለጎብኚ የሚያስረዱ ሰዎች ይፈለጋሉ። ጓድ ፋንታ፣ «የአገሩ ልጅ ስለሆንሽ ለአንቺ አይከብድሽም፣ ሰው ካላገኘሽ ግን መተከል ክፍት የሥራ ቦታ አለ» አለኝ። እናቴ፣ መተከል ከሄድሁ በዓመት አንዴ ባይሽ ነው። ወንድሜ ጓዴ ከዘመተ ወዲህ በቅርብሽ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢያምሽ ተሳፍሬ የምደርስልሽ እኔ ነኝ። በሌላው ሁሉ ስቄያለሁ፤ ይህንን ግን ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ማስታወቂያውን አረቀቅሁ፤ «ለሙዚየም» ብዬ ጻፍሁ። ጓድ ፋንታ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የኢምፔሪያሊስት ቃል ነው፣ «ቤተ መዘክር» በይው አለኝ። ጓድ፣ ይህ የቅኔ አገር ነው፣ ሰዉ ቃል ሲሰጡት አላምጦ እንጂ እንዳለ አይውጥም አልሁት። ማን ሰምቶኝ!

በገበያ ቀን ለፋፊው ደምለው ድምፅ ማጉያውን ይዞ እህል ተራው ፊት ቆመ። የደምለው ድምፅ ደብረ ወርቅ ይሰማል፤ ንባቡ ግን ከቢቸና አይወጣም። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ። «የቢቸና ወጣቶች ሆይ፣ በቅርቡ ለሚከፈተው ለቤተ...» ብሎ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። አየው፣ አገላብጦም አየው። መዘክር የሚባል ነገር ከተወለደ ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀውን ተናገረ። «ለቤተ ተዝካር ፈቃደኞች ስለሚፈለጉ ዛሬውኑ እየመጣችሁ ተመዝገቡ!»

ያ ገበያ ሲበተን ብታዪ! ፈቃደኛ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ከመኪና ላይ ተጭኖ የሚሄደው ነው። ተዝካሩ ሲጨመርበት ደግሞ ትርጓሜ የሚያሻው አልቀረም። ጎረምሳው ሁሉ የያዘውን እየጣለ ወደ ዓባይ በረሃ ነካው። በግ ሻጩ በጉን ትቶ ሮጠ፣ ገዢው ከነበጉ ሮጠ። የእኛ ዘበኛ እንኳ ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ጠፋ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ድሮ የእናት አገር ጥሪ ይሉን ነበር፤ ዘንድሮስ እውነቱን ነገሩን፣ እግዜር ይስጣቸው» አሉ።

ደምለውን ጠርተን ብንቆጣው፣ እኔ የማውቀውን አነበብሁ፣ የማላውቀውን ባነብ ኖሮ ነበር የምትቆጡኝ ብሎ ረታን። የቅኔ መምህሩን የኔታ አካለ ወልድን ነገሩን ያቃኑልን ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቁመው አስረዱ። «መዘክርም ተዝካርም ዘከረ ከሚለው ግስ የተወለዱ ወንድማማች ናቸው። ልዩነታቸው፣ በተዝካር ይበላል፣ በመዘክር ይታያል» አሉ። ሕዝቡም እንግዲያው የማይበላበት ተዝካር ነው ብሎ ጭራሽ ባሰበት። ጓድ ፋንታ ባዶ መዝገብ ታቅፎ ተቀመጠ። እኔም ልብሴን ማጠፍ ጀመርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ደጁ ሴት በሴት ሆኗል። ከፊት እትዬ ይርጋነሽ ናቸው፤ ጠላ ሻጭ ናቸው፣ ሰካራሙን ሁሉ በዓይናቸው ብቻ ወደ ቤቱ የሚሸኙ ሴት። «ልጆቹን ተዉልን። በእነሱ ፈንታ እኛን መዝግቡን» አሉ። እትዬ፣ ጦርነት አይደለም፣ የቆየ ዕቃ ማሳያ ቤት ነው አልኋቸው። «ይሁን የኔ ልጅ፣ አንቺ እንዳልሽው ይሁን» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አንዳቸውም አላመኑኝም። እትዬ ፈንታነሽማ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ነው የመጡት። ዕድሜ ስጠይቃቸው አርጅታችኋል ተብለው እንዳይመለሱ ሁሉም ቀነሱ፤ እትዬ ፈንታነሽ ከእኔ በትንሽ ነው የሚበልጡት በመዝገቡ ላይ።

ጓድ ፋንታ መዝገቡ ሲሞላለት ፊቱ በራ። ሥልጠና ሰጣቸው። ጎብኚ ዕቃ እንዳይነካ ከልክሉ ቢላቸው፣ እትዬ ይርጋነሽ ቤታችን የመጣን እንግዳ አትንካ ማለት ነውር ነው ብለው እምቢ አሉ። የጥንት ዕቃ፣ መታሰቢያ የሚሆን ዕቃ አምጡ አላቸው። እትዬ ፈንታነሽ እጃቸውን አወጡ። «ጌታው፣ ሄዶ ወሬው የጠፋ ሰው ዕቃስ ይሆናል?» እሱ የጥንት አርበኛ መስሎታል፤ «እንዴታ! እሱማ ዋናው ነው» አላቸው። ሴቶቹ ተያዩ።

ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል። ሄዶ ድምፁ ለጠፋ ልጅ ግን የቱ እናት ደፍራ ተዝካር ታወጣለች? በልጅ ላይ ማሟረት ነው። ያ ቤት የምን ቤት እንደሆነ ለሴቶቹ የተገለጠላቸው ያን ጊዜ ነው። እኔም ገባኝ፤ ለጓድ ፋንታ ግን አልነገርሁትም።

የመክፈቻው ቀን ከደብረ ማርቆስ ትልቅ ሰው መጡ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ተለቅልቋል፣ አይጥም ወጥቷል። ጓድ ፋንታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ጅራፍ አመለከተና፣ «ይህ ባላባቱ ጭሰኛውን ይገርፍበት የነበረ የጭቆና መሣሪያ ነው» ብሎ ጀመረ። እትዬ ፈንታነሽ ከኋላ፣ «አይ፣ አትዋሽ ልጄ» አሉት። «የገላው ነው፣ የልጄ። ቡሄ ሲደርስ ጎረቤት እስኪማረር ያጮኸው ነበር። በዚህ ጅራፍ ማንንም አልገረፈበትም።» ከጅራፉ ቀጥሎ ወንጭፍ ነበረ፣ ጫፉ የተበላ መዝሙረ ዳዊት ነበረ፣ አንድ እግር ጫማም ነበረ። እንግዳው ሌላው እግር የት አለ ቢሉ፣ «ውሻ በላበት፤ ደመወዝ ስቀበል አዲስ እገዛለሁ ብሎ ሄደ» አሉ እትዬ ይርጋነሽ። ሁሉም ከየዕቃቸው አጠገብ ቆመው እንዲህ አስረዱ። ጓድ ፋንታን ላብ አጠመቀው። እኔም መተከል በዓይኔ ዞረ።

እንግዳው ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀጥሎ የተናገሩት ቃል፣ ከጓሮ የሚሸተው ምንድን ነው የሚል ነው። ለካ ሴቶቹ ሳይበላማ አይሆንም ብለው ጠላ ጠምቀው፣ በግ አሳርደው ኖሯል! የኔታ ጸሎት አደረሱ፤ ጓድ ፋንታ ሪፖርቱ ላይ «የመክፈቻ ንግግር» ብሎ ጻፈው። ትልቁ ሰውዬ እንኳ ሲደገምላቸው እምቢ አላሉም። የወጡ ሽታ በረሃ ድረስ ወርዶ ነው መሰለኝ፣ ጎረምሶቹም አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። እንግዳው ሲሄዱ፣ ይህችን ልጅ ከዚህ እንዳታነቃንቋት አሉ። አልተዛወርሁም፣ እናቴ። እልል በይ።

በቀደም ቤቱን ሊያዩ ከመጡት መካከል በምርኩዝ የሚሄድ የመርጡለ ማርያም ልጅ ነበር፣ ከሰሜን የተመለሰ። የአባቴን ስም ሲሰማ ደነገጠ፤ ከጓዴ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ተቀምጠን ብዙ አወጋን። ጓዴ እዚያም ሰው ያስቅ ነበር አለኝ። ያንቺን የሽሮ ወጥ እያነሳ ያስጎመጃቸው ነበር። የቀረውን በቃል እነግርሻለሁ፤ ሁሉ ነገር በወረቀት አይሆንም።

በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ እትዬ ይርጋነሽም፣ እትዬ ፈንታነሽም፣ ሌሎቹም ይመጣሉ፤ የኔታም ይከተሉናል። ብዛታችንን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ለክረምቱ ብርድ የሞጣን የሱፍ ባና እንገዛለን ብለው ነው፤ ደግሞም እዚያ ፈቃደኛ ይመለምላሉ። አውቶቡሱ ሲመሽ ስለሚያደርሰን አንቺን ላለማስቸገር አባ ገብረ ኪዳን ቤት እናድርና ማለዳ ሳይነጋ እናንኳኳለን። ምንም አታዘጋጂ፣ ምግቡን እነሱ ይዘው ይመጣሉ። ውበቴ ያን ሰሞን ከቤቷ እንዳትርቅ ንገሪያት። ስመለስ አንቺንም ፈቃደኛ አድርጌ ይዤሽ እመጣለሁ፤ ክረምቱን ከእኔ ጋር ትከርሚያለሽ። ሴቶቹ ከአሁኑ ቦታ አዘጋጅተውልሻል።

እስከዚያው በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ፣ እባክሽ እናቴ። ጊዮርጊስ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ድንግል ማርያም በመቀነቷ ትደግፍሽ፤ እግዜር ዕድሜሽን ለእኔ ሲል ያርዝምልኝ።

ከአጠገብሽ የማልርቀው ልጅሽ