በእግር የሚታሰር ሪባን

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ ለኦብዱሊያ፤ ክረምቱ በቲኋና እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ቬራክሩዝ ሙቀቱ ቢያንገበግበንም እግዜር ይመስገን ደህና ነን።

እማዬ በግቢያችን የመሠረተችው የጭፈራ ቡድን በየካቲት አርባ ዓመት ይሞላዋል። ለበዓሉ ስንለማመድ ወጣቶቹ እየጨፈሩ መሬት ላይ የተዘረጋውን ቀይ ሪባን ያለ እጅ፣ በእግራቸው ብቻ ማሰር አቃታቸው። እማዬ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ "እግር ነው ወይስ የበሬ ሰኮና?" ብላ አበሻቀጠቻቸው። ከዚያ እኔን ጎትታ ወደ መሃል ወጣችና ዜማው ሳያልቅ ሪባኑን በእግሯ እንደ ቢራቢሮ አድርጋ አሰረችው። ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ።

ስትቀመጥ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ ነበር። በእጇ ይዛ ብዙ አየችውና እግሯን ወደ እኔ ዘረጋች። አሰርኩላት።

"ተባረክ! ጭፈራ ታውቃለህ፤ የማን ልጅ ነህ?" አለችኝ።

ሁሉም ሳቀ፤ መቼም ቀልዷን ታውቂዋለሽ። እኔም ሳቅሁ።

ለበዓሉ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ ከተመቸሽ ግን አሁኑኑ ነይ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ስትገቢም በር ላይ ስምሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ብቻ አንቺ ተናገሪ።

ወንድምሽ ኤሊሴዮ